የተራኪ ያለህ!

መጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ ሮቤ። ቅዳሜ ነው፤ ለምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። በጎባ በኩል፣ ከሳነቴ አናት ላይ የበልጉ ደመና ጠቁሯል። ብርዱን ሽሽት አንድ ቤቲንግ ቤት በራፍ ተጠግቼ ቆሜያለሁ። (በውርርድ አልታማም፤ ዕድልና እኔ ከተቆራረጥን ቆይተናል።) አንድ ጎረምሳ የቆረጠውን ቲኬት በሁለት እጁ ወጥሮ ሲያነብ ከቆየ በኋላ ቀና አለና፣

«ጋሼ፣ አርብሮዝ ዛሬ በሜዳው ነው አይደል የሚጫወተው?» ሲል ጠየቀኝ።

ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ሰው «ጋሼ» ሲባል የሚሰማውን ድንጋጤ ለጊዜው እንለፈው። ለመሆኑ አርብሮዝ ማን ነው? ልጁ በአላዋቂነቴ እያዘነ አስረዳኝ። በስኮትላንድ ሁለተኛ እርከን የሚጫወት የትንሽ ከተማ ቡድን ነው። ተጫዋቾቹ ቀን ቀን የየራሳቸውን ሥራ ሲሠሩ ውለው ማታ ነው ልምምድ የሚያደርጉት። አሰልጣኙ ቆብ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። ሜዳው ከባሕር ጋር አጥር ለአጥር ስለሆነ ነፋስ ሲበረታ ማዕበሉ ግንቡን ዘሎ ተመልካቹን ይረጨዋል። እናም ይህ ቡድን የሙሉ ጊዜ ደመወዝተኛ ተጫዋቾች ካሏቸው ክለቦች ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ ወደ ዋናው ሊግ ሊያልፍ ነው!

ልጁ ይህን ሁሉ የነገረኝ ባሕር አይቶ ሳያውቅ ነው። እኔም በተራዬ ጠየቅሁት፦

«ሻሸመኔ ከተማስ በዚህ ሳምንት ምን አደረገ?»

«ሻሸመኔ ኳስ ቡድን አለው እንዴ?»

አለው። በዚያው ዓመት በእኛው አገር ሁለተኛ እርከን፣ በከፍተኛ ሊግ ውስጥ ይጫወት ነበር። ከሮቤ ተነስቶ ዲንሾን፣ አዳባንና ዶዶላን አልፎ የሚሄድ አውቶቡስ የሚደርስባት ከተማ ናት ሻሸመኔ፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ጥቂት ነው። ልጁ ግን ስለ ሰሜን ባሕር ማዕበል ያውቃል፣ ስለ ሻሸመኔ አያውቅም። ጥፋቱ የልጁ ነው ብዬ አላምንም። አርብሮዝን የነገረው አለ፤ ሻሸመኔን የነገረው የለም። ጉዳዬም ከዚህ ይጀምራል።

በአማርኛ የኳስ ድርሰት የለንም የሚል ካለ ተሳስቷል። ገነነ መኩሪያ (ሊብሮ) «ኢህአፓና ስፖርት» ብሎ በጻፈው መጽሐፉ ኳሱን ከዚያ ከደም ዘመን ትውልድ ሕይወት ጋር አስተሳስሮ አሳይቶናል። ፍቅሩ ኪዳኔ «የፒያሳ ልጅ»ን ሰጥቶናል። ከመጻሕፍቱ በፊትም የሬዲዮ ድምፆች ነበሩን፤ ሰለሞን ተሰማ፣ ደምሴ ዳምጤ። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ ስታነሳ እኔ ጡት ያልጣልኩ ሕፃን ነበርኩ። ሆኖም ያን ጨዋታ «አየሁት» ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም፤ ያደግሁበት ጎባ ውስጥ የደምሴን ድምፅ እያስመሰለ የመጨረሻዋን ምት የማይደግም ታላቅ ወንድም አልነበረማ! ተራኪ ማለት ይኸው ነው። ያላየኸውን ቀን የራስህ ያደርገዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጸጋ እያለን ምን ጎደለን? የመጽሐፉን ርዕስ ልብ በሉልኝ፤ «የፒያሳ ልጅ»! ርዕሱ ሐቀኛ ነው፤ ጸሐፊው የፒያሳ ልጅ ነውና ስለ ፒያሳ ጻፈ፤ ደግ አደረገ። የጨርቅ ኳስ በየትኛው ሰፈር እንደተመታ፣ ጊዮርጊስን ማን እንደመሠረተው፣ ስታዲየሙ ዳር ማን ሻይ እንደጠጣ ስናነብ ኖረናል፤ ወደፊትም እናንብብ። ግን የዶዶላ ልጅ፣ የጊኒር ልጅ፣ የዱራሜ ልጅ የጻፈው የት አለ? የኳስ ድርሰታችን መልክዐ ምድር ከአዲስ አበባ ስታዲየም ተነስቶ፣ ድሬዳዋንና አስመራን በጨረፍታ አይቶ፣ ቀጥታ ለንደን ይገባል። በመካከል ያለው አገር ባዶ ነው። ኤፍ ኤሞቻችንን የከፈተ ሰው የአንድን የእንግሊዝ ክለብ የልብስ ያዥ የሕይወት ታሪክ በሚያምር አማርኛ ይሰማል። አማርኛው አቅም አንሶት አይደለም እኮ!

ስለ ሁለተኛው ሊግ ጥቂት ልበል። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ተጀምሮ የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ሲወስድ፣ ከሥሩ ያለው እርከን ብሔራዊ ሊግ ይባል ነበር። በ2008 ዓ.ም. በመካከላቸው አዲስ እርከን ተሰነቀረና «ከፍተኛ ሊግ» ተባለ። ስሙ ከፍተኛ ነው፤ ከላዩ ግን ሌላ ሊግ አለ። ከሥሩ ያለው ሦስተኛው እርከን ደግሞ ውሎ አድሮ «አንደኛ ሊግ» ተባለ። ሁለተኛው ከፍተኛ፣ ሦስተኛው አንደኛ! ለአንድ የስኮትላንድ ሰው ይህን ማስረዳት ቢኖርብኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

በዚህ መሰላል ላይ የወጡት ሁሉ ተራ ወጪዎች አይደሉም። ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊጉ አለፈና በማግስቱ ዓመት፣ በ2010፣ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ የዓመቱ ከፍተኛ ግብ አግቢ ነበር። ከታች የመጣ ቡድን በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ሲያነሳ! በሌላ አገር ቢሆን ይህ አንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ አንድ ፊልምና ቢያንስ ሦስት ዘፈን ይወጣው ነበር። እኛ ዘንድ ግን የመጽሐፍ መደብር ሄጄ ጠይቄ ሻጩ ያየኝ አስተያየት አይረሳኝም።

ዲፕሎማዬን ስማር መምህራችን ዜናን በስድስት ጥያቄ አስጠንተውን ነበር፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። የከፍተኛ ሊጉን ዘገባዎች ለአንድ ዓመት ያህል ሳነብ ይህን ፈተና አነሳሁላቸው። ማን? አለ፤ ሁለት ቡድኖች። ምን? አለ፤ ውጤቱ። መቼ? እስከ ደቂቃው ድረስ አለ። ሶከር ኢትዮጵያን የመሰሉ የድረ ገጽ ዘጋቢዎች እነዚህን ባይመዘግቡልን ኖሮ የሁለተኛው ሊግ ዓመታት ጨርሰው ጠፍተው ይቀሩ ነበር፤ ምስጋናው ይድረሳቸው። ግን ቋንቋው! አንዱ ቡድን «ጣፋጭ ድል ያስመዘግባል»፤ ሌላው «ነጥብ ተጋርቶ ይወጣል»፤ ኳስ ሁልጊዜ «ከመረብ ትገናኛለች»፤ አሰልጣኝ ሁልጊዜ «ጥሩ ተንቀሳቅሰን ነበር» ይላል። የቡድኖቹን ስም አውጥታችሁ የሌሎችን ስም ብትተኩበት ዘገባው አይጎረብጠውም። ለምን? ምክንያቱም የጠፋው ጥያቄ «የት» ነው።

ይህን የዘጋቢው ስንፍና ብቻ አድርጌ ብጽፈው ግን ግፍ ይሆንብኛል። «የት» ከሜዳውም ጠፍቷል። ወረርሽኙ የ2012ን ውድድር በእንጭጩ ካስቀረው በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን ስምምነት አግኝቶ ሲመለስ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ብቻ መካሄድ ጀመሩ። ከፍተኛ ሊጉም በዚሁ መንገድ ሄደ። ቡድኖቹ ተሰባስበው አንድ ከተማ ይገባሉ፣ ሆቴል ይይዛሉ፣ ሳምንታት ይቀመጣሉ። በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ይደረጋል። ተመልካቹ የማንም ደጋፊ አይደለም። «በሜዳው» እና «ከሜዳው ውጭ» የሚሉት ቃላት በወረቀት ላይ ብቻ ቀሩ። ያ የሮቤ ጎረምሳ «አርብሮዝ ዛሬ በሜዳው ነው አይደል?» ሲለኝ የጠየቀው ጥያቄ ለእኛ ሊግ አይሠራም ማለት ነው።

ሐቁን መካድ አልፈልግም፤ ምክንያት ነበረው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ሜዳ ውስጥ የገባው የብሔር ጠብ፣ ድንጋይ ውርወራው፣ የአንዱ ክልል ቡድን ወደ ሌላው ክልል ላለመሄድ ያቅማማበት ጊዜ ቅርብ ነው። አንድ በታችኞቹ ሊጎች የተጫወተ የጎባ ልጅ ስሞግተው፣ «አንተ ትረካ ትፈልጋለህ፣ እኔ ጥርሴን እፈልጋለሁ» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ በአሮጌ አውቶቡስ ሲጓዝ አድሮ ጠዋት በሰው ሜዳ እየተሰደቡ መጫወት ምን እንደሚመስል ነገረኝና አፌን አዘጋኝ። ልክ ነው። እኔ የምለው ግን የተገኘውን ጥቅም ስንቆጥር የጠፋውንም በስሙ እንጥራው ነው።

ምን ጠፋ? ትምህርት ቤት ሳለሁ የጎባና የሮቤ ተማሪዎች ሲጋጠሙ የሁለቱ ከተሞች ርቀት 14 ኪሎ ሜትር አይመስልም ነበር፤ የሁለት መንግሥታት ድንበር ነበር። ጎባ ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ ሮቤ ዝቅ ብላ በስንዴው ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። እኛ ጎባዎች «ሮቤዎች ለእኛ አየር ሳንባ የላቸውም» እንላለን፤ እነሱ «ጎባዎች ሜዳ ሲሰፋባቸው ይጠፋቸዋል» ይላሉ። የእኛ ሜዳ በአንዱ ጥግ ውሃ ይቋጥር ስለነበር የእኛ ተከላካዮች ኳሷ እዚያ ስትደርስ እንደምትቆም ያውቁ ነበር፤ የሮቤው አጥቂ አያውቅም፤ አልፏት ይሮጣል! ሰኞ ሰኞ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይተርኩልን ነበር። በእሳቸው ትረካ ረግረጉ ተጫዋች ነው፤ ከሳነቴ የሚወርደው ነፋስ ተጫዋች ነው፤ በሁለተኛው አጋማሽ ሜዳ የገባችው የሰው በግ ሳትቀር ቁጥር አላት። እኒያ ሰው ከዘመናችን የስፖርት ዘጋቢ የሚበልጡት በቃላት ብዛት አይመስለኝም። የሚናገሩት ስለሚያውቁት ቦታ፣ ቦታውን ለሚያውቅ ሰው ስለነበር ነው።

አርብሮዝም የተተረከው በዚሁ ምሥጢር ነው። ጌይፊልድ የሚባለው ሜዳ ባሕሩ ዳር ባይሆን፣ እንግዳው ቡድን በነፋሱ ባይንገላታ ኖሮ፣ የዲክ ካምቤል ልጆች በሮቤ ቤቲንግ ቤት ስማቸው ይነሳ ነበር? አይመስለኝም። የከተማዋ ሕዝብ ከሃያ ሺህ ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ ሮቤ በብዙ ትበልጣታለች። በመጨረሻ ኪልማርኖክ በሁለት ነጥብ በልጧቸው ቀደመ፤ በማጣሪያውም ኢንቨርነስ በመለያ ምት ጣላቸው። ሳያልፉ ቀሩ፤ ትረካው ግን አለፈ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2015፣ የእኛ ተራ ደረሰ። የዚያ ዓመት ከፍተኛ ሊግ ሦስት ቡድኖችን ወደ ላይ አሳለፈ፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክን፣ ሀምበሪቾ ዱራሜንና ሻሸመኔ ከተማን። ክረምቱ መግቢያ ላይ ወደ ሮቤ ስጓዝ ሻሸመኔ ላይ አውቶቡስ አመለጠኝና ሲሚንቶ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ የሻሸመኔ ሰው ነው፤ ሲሚንቶ ይዞ ይወጣል፣ ስንዴ ጭኖ ይወርዳል። ስለ ኳሱ አንዲት ጥያቄ ጣል አደረግሁለት፤ ከዚያ በኋላ እኔ ዝም አልኩ።

ሰውየው የዓመቱን ጨዋታዎች አንድም አላየም። እንዴት ይይ? ሌላ ከተማ ነው የሚደረጉት። የወንድሙ ልጅ ስልክ እየደወለ ይነግረዋል፤ እሱ መንገድ ላይ ይሰማል። ስለዚህ የዓመቱ ውድድር በእሱ ጭንቅላት ውስጥ የተቀመጠው በቦታ ነው፤ ይሁን እንጂ ጨዋታው በተደረገበት ሳይሆን ዜናው በደረሰበት ቦታ። «ይቺን የሰማሁት ዲንሾ ላይ ነው፤ አጋዘኖቹ መንገድ ዘግተው ቆሜ» ይላል። «ያቺን የነገረኝ አዳባ ጎማ ስቀይር ነው፤ ብሎኑን ጥዬ ጮህኩ።» ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ላይ የደረሰባትን ጨዋታ ዶዶላ እስኪገባ ድረስ እንዴት እንደጸለየላት ሲነግረኝ መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ነበር፤ እኔም ከእሱ ጋር ጸለይኩ፤ ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም። ቡድኑ ማለፉ በታወቀ ቀን ሮቤ እህል እየጫነ እንደነበር፣ ጫኞቹ የማያውቁት ነገር ሆኖባቸው ሲያዩት፣ ብቻውን ጥሩምባ ሲነፋ እንደዋለ ነገረኝ።

ከአንድ ዓመት ፍለጋ በኋላ የሁለተኛውን ሊግ ተራኪ አገኘሁት ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ይህ ሰው የተነጠቀውን «የት» በራሱ መንገድ ላይ ፈልጎ ተክቶታል። ጉድለትም አለበት፤ ያጋንናል፣ ዳኛ ሁሉ ሌባ ነው ይላል፣ ደቂቃ አያውቅም። ደቂቃውን ከድረ ገጹ እንወስዳለን! ዘጋቢው የሌለውን እሱ አለው፤ እሱ የሌለውን ዘጋቢው አለው። ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ጋዜጣ ወይም አሳታሚ ግን የለም።

ወደ ላይ የወጡት ሦስቱ ምን ሆኑ? በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ከመቻል ጋር እስከ መጨረሻዋ ቀን ተናንቆ በተመለሰበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ። የጅማ ታሪክ ተደገመ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጅማ ዋንጫውን ያነሳው የራሱ ሜዳና የራሱ ከተማ ኖሮት መሆኑ ነው። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ ወረዱ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ቢልልኝ እወዳለሁ። የሻሸመኔ ሕዝብ ቡድኑ ከአገሪቱ ታላላቅ ክለቦች ጋር ሲሰለፍ አንድ ሙሉ ዓመት አለፈ፤ ከእነዚያ ጨዋታዎች አንዱ እንኳ ሻሸመኔ ላይ አልተደረገም። አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ነበር። ሐዋሳ ቅርብ ናት፤ የሻሸመኔ ሰው ታክሲ ተሳፍሮ ሄዶ የራሱን ቡድን በጎረቤት ቤት እንግዳ ሆኖ ሊያይ ይችላል። የዱራሜም ዕጣ ያው ነው። ቡድኑ ወጣ፣ ወረደ፤ ሜዳው ላይ ምን ተለወጠ? ሣሩ እንኳ የሰማ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት፣ አርብሮዝም ከስኮትላንድ ሁለተኛ እርከን መጨረሻ ሆኖ ወረደ። ይህን የነገረኝ፣ እንደምትገምቱት፣ ያ የሮቤ ጎረምሳ ነው። አሁን ከቤቲንጉ ወጥቶ ስልክ ይጠግናል። «አሳዘኑኝ» አለ፤ ከልቡ ነው። ስለ ሻሸመኔ መውረድ ስነግረው፣ «ወጥተው ነበር እንዴ?» አለኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ታች ስመለስ ያንኑ ሾፌር ሮቤ እህል በረንዳ አገኘሁትና ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። ጎረምሳው ነገሩን እንዲሰማ ፈልጌ ነበር፤ መጣ፤ በመካከላችን ተጣቦ ተቀመጠ፤ ዲንሾ አክስት አለችው። ሾፌሩ ሞተሩን አሞቀ፣ በመስኮት ተፋ፣ መሪውን ጨበጠ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ከየት ልጀምርላችሁ?»

ዲንሾ ስንደርስ ገና የመጀመሪያው ዙር አላለቀም ነበር። ልጁ አልወረደም፤ «አዳባ ድረስ ልሂድና በሚመለስ መኪና እመጣለሁ» አለ።